«ሦስት ዓመት ብቻ ነው፣ ቻይው» ይለኛል

«ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናት። ባለቤቴ ሐኪም ነው። ኒውዮርክ ሬዚደንሲውን (የሕክምና ሥልጠናውን) ሲጨርስ ወደ አገር ቤት ላለመመለስ ዌቨር የሚባለውን ከግዴታ ነጻ የሚያደርግ ፈቃድ አገኘና፣ ምዕራብ ካንሳስ ውስጥ ሦስት ሺህ ሰው በማይሞላት ከተማ ለሦስት ዓመት ፈርሞ መጣን። ዘጠኝ ወር ሆነን።

አገር ቤት ባንክ ነበር የምሠራው። ኒውዮርክ ደግሞ በሚስትነት በተሰጠኝ በጄ ቱ ቪዛ የሥራ ፈቃድ ስለነበረኝ ሕፃናት ማቆያ ውስጥ እሠራ ነበር። እዚህ ስንመጣ ቪዛዬ ኤች ፎር ሆነ፤ ሥራ ቀረ። መኪና አልነዳም፤ ኒውዮርክ በባቡር ነበር የምንቀሳቀሰው። ባለቤቴ አብዛኛውን ጊዜ ሆስፒታል ነው፤ ቤት ሲመጣም ስልኩ አያስተኛውም። ከኛ ሌላ ሐበሻ የለም። ሱቅ ስገባ ሁሉም ያውቁኛል፤ ስሜን የሚያውቅ ግን የለም። ‹የዶክተሩ ሚስት› ነኝ። ባለፈው ገንዘብ ተቀባይዋ ‹ጉልበቴ ተሽሎኛል ብለሽ ንገሪልኝ› አለችኝ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ‹ስንት ጊዜ ትቆያላችሁ?›

ወንዱ ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። በአማርኛ ሳናግረው በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ትንሿ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እሷም እየተከተለችው ነው። ሳሎን ውስጥ እስካሁን ያልተፈቱ ካርቶኖች አሉ። ለባለቤቴ ስነግረው ‹ሦስት ዓመት ብቻ ነው፣ ቻይው› ይለኛል። አሁን አሁን ጠዋት መነሳት እያስጠላኝ ነው። እህቴ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ናት። ልጆቹን ይዘሽ ነይ፣ እሱ በእረፍቱ ይመላለስ፣ በካሽ ልጅ የምትጠብቂበት ቤትም አገኝልሻለሁ ትለኛለች። ልሂድ ወይ? ደግሞ አትሳቂብኝና፣ ጎረቤቴ ቤተ ክርስቲያናቸው ለምሳ ጠርታኛለች። ሁሉም የየራሱን ምግብ ይዞ ነው የሚመጣው። ምን ይዤ እንደምሄድ እንኳ ጠፋኝ።

ብቸኛዋ ነኝ፣ ከካንሳስ»

እህቴ፣ አንጠልጥዬ ላቆይሽ አልፈልግምና ዋናውን ጥያቄሽን መጀመሪያ ልመልስ። አሁን አትሂጂ። ትምህርት ቤት ሜይ መጨረሻ ላይ ሲዘጋ ልጆቹን ይዘሽ ለጥቂት ሳምንት እህትሽ ጋ ሄዶ ተንፈስ ብሎ መምጣት ሌላ ነገር ነው፤ እሱን በደስታ አድርጊው። ቤት ለሁለት መክፈል ግን አሁን አይደለም። ይህን ስልሽ ከባለቤትሽ ጋር ወግኜ «ቻይው» ያልኩሽ እንዳይመስልሽ። እንዲያውም ከደብዳቤሽ ሁሉ ያናደደኝ እሱ አነጋገር ነው።

ሦስቱ ዓመት ለእሱና ለአንቺ እኩል አይደለም። እሱ ጠዋት ሲወጣ የሚጠብቀው ሰው አለ። ይደክመዋል፣ አውቃለሁ፤ ግን ደክሞት የሚገባው አንድ ነገር ሠርቶ ነው። አንቺ ከኒውዮርክ ስትነሺ ሥራሽን፣ ደመወዝሽን፣ እንደፈለግሽ የምትወጪ የምትገቢበትን ባቡር፣ ቡና የምትጠጪባቸውን ሰዎች ጥለሽ ነው የመጣሽው። እሱ ሥራ ቀየረ፤ አንቺ ሥራ አጣሽ። ይህን ከራሱ አፍ መስማት አለብሽ። ብዙ ባሎች እዚህ ጋ ዝም የሚሉት ጨክነው ሳይሆን፣ ካመኑ መፍትሔውን አሁኑኑ አምጣ የሚባሉ ስለሚመስላቸው ነው። አንቺ ግን የጠየቅሽው መፍትሔ አይደለም፤ «የከፈልሽው ይታየኛል» እንዲልሽ ነው። ይህን ቃል በቃል ንገሪው። በሽሙጥ አይሆንም፤ ሐኪም ሆኖም ሽሙጥ የማይገባው ሞልቷል።

ለመሆኑ ግን በእርግጥ ሦስት ዓመት ነው?

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። በጄ ዋን ቪዛ ገብቶ ሬዚደንሲ የሠራ የውጭ አገር ሐኪም፣ ሲጨርስ አገሩ ተመልሶ ሁለት ዓመት የመቀመጥ ግዴታ አለበት። ከዚህ ግዴታ ነጻ የሚያደርገው ዋናው መንገድ ሐኪም ያጠረበት አካባቢ ሄዶ፣ በሳምንት 40 ሰዓት፣ ለሦስት ዓመት መሥራት ነው። ኮንራድ የሚሉት ፕሮግራም ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ሲሆን ስሙን ያገኘው ሕጉን ካመጡት የሰሜን ዳኮታው ሴናተር ከኬንት ኮንራድ ነው። መጀመሪያ ለአንድ ክፍለ ግዛት በዓመት 20 ሐኪም ነበር፤ በ2002 ወደ 30 ከፍ አለ። የኛ ሐኪሞች ስሟን ሰምተውት በማያውቁት የካንሳስ፣ የአይዋ ወይም የዳኮታ ከተማ ቤት ሲከራዩ የምናየው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስት ዓመቱ ግዴታውን ያነሳል። ግሪን ካርድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለሐኪሞች ካሉት የግሪን ካርድ መንገዶች አንዱ እንዲህ ባለ አካባቢ በድምሩ አምስት ዓመት መሥራትን ይጠይቃል። የኮንራዱ ሦስት ዓመት ከአምስቱ ላይ ይታሰባል፤ ሁለት ዓመት ግን ይቀራል። ታዲያ ስንቱ ቤተሰብ «ሦስት ዓመት» ብሎ ገብቶ፣ ማብቂያው ሲደርስ አባወራው «ሁለት ዓመት ብንጨምርበትስ?» ይላል። ያኔ ነው ቤት የሚታመሰው። የአንቺ ባለቤት በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ታውቂያለሽ? ደብዳቤሽ ውስጥ የለም። የማታውቂ ይመስለኛል።

ስለዚህ ጠይቂው። ከአዳር ሲወጣ አይደለም፤ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው የሚመልስልሽ መልስ መልስ አይደለም። ኮል (ተረኝነት) የሌለበትን ቀን ጠብቂ፣ ልጆቹ ይተኙ፣ ቡናሽን አፍዪ። ውሉ የሚያልቅበትን ቀን ከነወሩ ይንገርሽ። ለግሪን ካርድ የሚቀርበው አይ ዋን ፎርቲ የሚባለው ማመልከቻ ገብቶለታል ወይስ አልገባም? ከገባ በማን በኩል? ውሉ ሲያልቅስ ሐሳቡ ምንድን ነው፣ መቆየት ነው መሄድ፣ ከሆነስ የት? «እናያለን» ካለሽ አትቀበዪው። ቢያንስ መቼ እንደምታዩት ቀን ቁረጡለት።

አይ ዋን ፎርቲውን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ባለው ደንብ፣ አይ ዋን ፎርቲ የጸደቀለት የኤች ዋን ቢ (የሥራ ቪዛ) ሠራተኛ ባለቤት በኤች ፎር ላይ ሆና የሥራ ፈቃድ ማመልከት ትችላለች። ማለትም አንቺ ሥራ ለመጀመር የግድ ሦስቱን ዓመት ቁጭ ብለሽ መቁጠር ላይኖርብሽ ይችላል። የእናንተን ወረቀት ሳላይ እንዲህ ነው ብዬ አልደመድምም፤ የኢሚግሬሽን ሕግም ይለዋወጣል። የራሳችሁን ጠበቃ ለአንድ ሰዓት ከፍላችሁ አማክሩ። የራሳችሁን ያልኩት የሆስፒታሉ ጠበቃ የሚቆመው ለሆስፒታሉ ስለሆነ ነው። ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፤ የአንቺ ሥራ ማግኘት ግን ጉዳዩ አይደለም።

የእህትሽን የካሽ ሥራ ደግሞ እርሺው። እህትሽ ወድዳሽ ነው፣ አልጠራጠርም። ያለ ፈቃድ የተሠራ ሥራ ግን ቪዛሽን ያበላሻል፤ ነገ የግሪን ካርዱ ፎርም ላይ ያለ ፈቃድ ሠርተሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ለትንሽ ዶላር ብለሽ ውሸት ውስጥ አትግቢ። ትምህርት ግን ማንም አይከለክልሽም። ኤች ፎር ያለው ሰው የተማሪ ቪዛ ሳይጠይቅ መማር ይችላል፤ የካንሳስ ኮሚኒቲ ኮሌጆችም በኦንላይን ብዙ ኮርስ ይሰጣሉ። የባንክ ሰው ነሽ፤ የአሜሪካን አካውንቲንግና ታክስ ከአሁኑ ብትጀምሪ፣ የሥራ ፈቃዱ የመጣ ቀን ባዶ እጅሽን አይሆንም የሚያገኝሽ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ግን አንድ ነገር አለ። መኪና።

እንዲያ ባለ ቦታ መኪና የማይነዳ ሰው እስረኛ ነው። ብቸኝነት ያልሽው ግማሹ ይኸው ይመስለኛል። ሱቅ የምትሄጂው ባልሽ ሲያደርስሽ፣ ልጅሽ ጓደኛው ቤት የሚሄደው አባቱ ሲመቸው፣ ቡና ብትጠሪም የምትደርሺው ሌላ ሰው ሲወስድሽ። አንድ ትልቅ ሰው እንዲህ ሆኖ ዘጠኝ ወር ከቆየ ጠዋት መነሳት ቢያስጠላው አይገርምም። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ከጠየቁሽ፣ ኒውዮርክ ስትሠሪ ያወጣሽው አለሽ፤ ያንኑ ስጫቸው። መንጃ ፈቃድ ቢሮው ሌላ ምን እንደሚፈልግ ቀድመሽ ደውለሽ አጣሪ፤ ለአንድ ወረቀት ብለሽ እንዳትመለሺ። ለመለማመድ ደግሞ ከምዕራብ ካንሳስ የተሻለ ቦታ የለም። በእርሻዎቹ መሀል ያሉት መንገዶች በየማይሉ በመስመር የተሰመሩ ናቸው፤ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ለረጅም ሰዓት መኪና ላታዪባቸው ትችያለሽ። ሲያልፍሽም ሾፌሩ ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን ብድግ ያደርግልሻል። ሰላምታ ነው፤ አንቺም መልሺለት። አስተማሪሽ ባልሽ ባይሆን ግን እመርጣለሁ። ባል ሚስቱን መኪና ያስተማረበት ቤት ውስጥ ስንት ነገር እንደተባባሉ ብሰበስብ ይህን ዓምድ ዓመት ሙሉ ይሞላልኛል። ያቺን ለምሳ የጠራችሽን ጎረቤትሽን ጠይቂያት። ደስ ይላታል።

አሁን ወደ «ስንት ጊዜ ትቆያላችሁ?» ልምጣ። ይህ ጥያቄ «መቼ ነው የምትሄዱልን?» ተብሎ ነው የተሰማሽ። ከእነሱ በኩል ደግሞ እይው። በእንደነዚህ ያሉ ከተሞች ያለው ሆስፒታል ብዙውን ጊዜ ከ25 አልጋ አይበልጥም፤ አንድ ሐኪም ሲለቅ መላው ከተማ ያውቃል። ከእናንተ በፊትም ውሉን ጨርሶ የሄደ ሐኪም ሳይኖር አይቀርም። ሚስቱን ተላምደዋት፣ ልጆቹን ልደት ጠርተዋቸው፣ ከዚያ የጭነት መኪና በር ላይ ቆመ። ስለዚህ ሲጠይቁሽ ልባቸውን ይስጡሽ አይስጡሽ እያመዛዘኑ ነው። «እግዜር ያውቃል» ብለሽ ካለፍሽ አይሰጡሽም። የውሉን ቀን ካወቅሽ በኋላ በእውነት መልሺ፤ «ቢያንስ እስከ እንዲህ ያለ ዓመት ድረስ አለን» ብለሽ ዓመቱን ንገሪያቸው። ከዚያ ጥያቄውን ገልብጪላቸው፤ «የእናንተ ቤተሰብስ መቼ ነው እዚህ የመጣው?» በያቸው።

ይህን ጥያቄ ካነሳሽ ቶሎ አትላቀቂም። ካንሳስ ውስጥ የብዙ ሰው አያት ቅድመ አያት ከሌላ አገር የመጣ ነው። የክፍለ ግዛቱን ስም ያስጠራው የክረምት ስንዴ ራሱ ከሩሲያ ግዛት በተሰደዱ ሜኖናይት የሚባሉ ክርስቲያኖች የገባ ነው ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1874 ዘሩን ይዘው መጥተው ዘሩት። ቋንቋቸው ጀርመንኛ ነበር። ልጆቻቸው ለእናቶቻቸው በእንግሊዝኛ ሲመልሱላቸው ያለቀሱ እናቶች እንደነበሩ አልጠራጠርም። (ነገር ሳነሳ፣ ከከተማሽ ዳር ቆሞ የምታዪው ያ ረጅም ነጭ የእህል ጎተራ ከኛም ጋር ዝምድና አለው። የአሜሪካን እህል ወደ ውጭ በእርዳታ የሚልከውን ሕግ በ1954 የፈረሙት የካንሳሷ አቢሊን ልጅ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ናቸው። በኋላ እኛ አገር «የእርዳታ ስንዴ» እየተባለ የተሰፈረው የዚህ ውጤት ነው። ይህን ለአንድ ሽማግሌ ገበሬ ብትነግሪው ወንበር ስቦ ነው የሚቀመጥልሽ።)

ስለ ገንዘብ ተቀባይዋና ስለ ጉልበቷም ልበልሽ። የባልሽን ታካሚ መልእክት የማድረስ ግዴታ የለብሽም፤ ይልቁንም የሰው ሕመም በአንቺ በኩል ባያልፍ ይሻላል። ፈገግ ብለሽ «እንኳን ተሻለሽ፣ ግን እሱን ለሆስፒታሉ ደውለሽ ንገሪያቸው፤ እኔ እገሌ እባላለሁ፣ የአንቺ ስም ማን ነው?» በያት። ደረቷ ላይ ስሟ ተጽፎ ይሆናል፤ ግድ የለም፣ ጠይቂያት። ሁለተኛ ስትሄጂ በስምሽ ካልጠራችሽ ድገሚላት። በትንሽ ከተማ የአንድ ገንዘብ ተቀባይ አፍ ከሬዲዮ ይበልጣል።

የቤተ ክርስቲያኑ ምሳ። አልሳቅሁብሽም፤ ከጥያቄዎችሽ ሁሉ ደስ ያለኝ እሱ ነው። ፖትላክ ይሉታል። ዶሮ ወጥ ይዘሽ እንዳትሄጂ! የአንድ ቀን ልፋትሽን በበርበሬው ምክንያት በማንኪያ ጫፍ ቀምሰው ሲተዉት ታዝኛለሽ። ድፎ ዳቦ ጋግሪ። የስንዴ አገር ሰው ስለ ዳቦ ያውቃል፤ ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ የገባበትን ወፍራም ድፎ ቆርሶ «ምንድን ነው የሸተተኝ?» ማለቱ አይቀርም። ከጎኑ ድንችና ካሮት አልጫ ቢኖር ይበቃል፤ ዘመዱ በየቤታቸው አለ። ምን ምን እንደገባበት በትንሽ ወረቀት ጽፈሽ አጠገቡ አስቀምጪ፤ ለውዝ ወይም ስንዴ የማይስማማው ሰው ይኖራል። የሣህኑ ሥር ላይ ደግሞ ፕላስተር ለጥፈሽ ስምሽን ጻፊበት። ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል፤ ሲያልቅ ሣህኑ ባለቤቱን የሚያገኘው በዚያ ነው። «የዶክተሩ ሚስት» ብለሽ አትጽፊም መቼም።

እንጀራስ? ከኒውዮርክ የምታስመጪው ከሆነ ተይው፤ እዚያው ጋግሪ። አይዳሆ ውስጥ ጤፍ መመረት ከጀመረ ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው፤ ኢትዮጵያ ኖሮ በተመለሰ አሜሪካዊ አማካይነት። ዛሬ ዱቄቱ በፖስታ በርሽ ድረስ ይመጣል። ምጣዱ ደግሞ ቅርብሽ ነው ማለት ይቻላል። አሜሪካ ያለው ሐበሻ የሚጋግርበት ያ ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ በመጀመሪያ የተሠራው የኖርዌይ ተወላጆች ለፍሰ የሚሉትን ስስ የድንች ቂጣቸውን እንዲጋግሩበት ነው። ሠሪውም አይዋ ውስጥ ክሬስኮ በምትባል እንደ አንቺዋ ባለች ትንሽ ከተማ ያለ ፋብሪካ ነው። ክረምት ላይ ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ሊጡ አልነሳ ይልሻል፤ ምድጃው ውስጥ መብራቱን ብቻ አብርተሽ አሳድሪው። እሳቱን አላልኩም፣ መብራቱን።

ልጆቹ። ትንሿን ተያት፤ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ከአንቺ ጋር ነው የምትውለው፣ አማርኛ አውሪላት፣ አለቀ። ጥረት የሚያስፈልገው ትልቁ ነው። በእንግሊዝኛ ሲመልስልሽ አትቆጪው። በተለይ ሰው ፊት «በአማርኛ ተናገር!» አትበይው፤ ክፍሉ ውስጥ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚታይ ልጅ ነው፣ በዚህም ደግሞ አታሳፍሪው። አንቺ በአማርኛሽ ቀጥዪ። አማርኛ የግድ የሚያስፈልገው ሰው ስጪው፤ አያቱን ማለቴ ነው። አሁን በእናንተና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት ስምንት ሰዓት ነው፤ ኖቬምበር ላይ ሰዓታችሁ ሲቀየር ዘጠኝ ይሆናል። ማታ ከደወላችሁ እዚያ ሌሊት ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ከትምህርት ቤት በፊት፣ እዚያ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አያት ምሳ በልተው ቡና ተቀርቦላቸው ይሆናል። ልጁ ቁርሱን እየበላ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይቁምለት። ዛሬ ምን በላህ፣ ማን መታህ፣ ጥርስህ ወለቀ ወይ፤ ይኸው ነው ወሬው። አያቱ እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ ልጁ መላ ይፈልጋል። ፊደሉን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በኦንላይን የሚያስተምሩ የኢትዮጵያውያን ማኅበራትና ቤተ ክርስቲያናት አሉ፤ እህትሽ የአውሮራዎቹን ታጠያይቅልሽ። አባትየውም ቢሆን ቤት ባደረበት ማታ ልጁን የሚያስተኛው በአማርኛ ተረት ይሁን። ደክሞኛል አይሠራም፤ ተረቱ አጭር ነው።

አንድ ነገር በቶሎ ልናገርና ልለፍ፤ አሁን የቶርኔዶ (የኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ወቅት ነው። ወች ሲሉ አየሩ ለቶርኔዶ ይመቻል ማለት ነው፤ ዋርኒንግ ሲሉ ታይቷል ወይም መጥቷል ማለት ነው፣ ልጆቹን ይዘሽ ቤዝመንት። ባልሽ ሆስፒታል ሆኖ አንቺ ብቻሽን ልትሆኚ ስለምትችዪ፣ ቤዝመንት ከሌላችሁ የትኛው ጎረቤት ቤት እንደምትሮጪ ዛሬ ተነጋገሩ።

«ጠዋት መነሳት እያስጠላኝ ነው» ያልሽው ላይ ግን ልቆይ። ከሁለት ሳምንት በላይ እንዲህ ከሆንሽ፣ እንቅልፍና ምግብም ከተዛባብሽ፣ ልጆቹን መታገሥ ካቃተሽ፣ ይህ ናፍቆት ብቻ ላይሆን ይችላል። የምኖረው ከሐኪም ጋር ነው ብለሽ አትዘናጊ፤ ባል የሚስቱ ሐኪም አይሆንም። ያሉት ሐኪሞች የባልሽ የሥራ ባልደረቦች ናቸው፤ ለነሱ መናገር እንደሚከብድሽ ይገባኛል። በስልክና በቪዲዮ የሚያማክሩ ባለሙያዎች አሉ፤ አማርኛ ተናጋሪም ይገኛል። ስትመርጪ ካንሳስ ውስጥ የመሥራት ፈቃድ እንዳለው ጠይቂ፤ ዴንቨር ወይም ዋሽንግተን ያለ አማካሪ ያለዚያ ሊያክምሽ አይችልም። ነገሩ ከብዶ መኖር ራሱ ካስጠላሽ ደግሞ ቀንም ይሁን ሌሊት 988 ደውዪ። አስተርጓሚ ጠይቂያቸው። ይህን ባልሽ ይስማ አይስማ የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ እኔ ብትነግሪው እመርጣለሁ።

አውሮራ ላይ እንጨርስ። ሐሳቡ የሚማርክ መሆኑ ይገባኛል። ሃቫና ጎዳና ላይ ወጥተሽ ቡና በጀበና፣ ሥጋ ቤት፣ በአማርኛ የሚጨቃጨቅ ሰው። ግን አሁን ብትሄጂ የሚሆነውን አስቢው። የሁለት ቤት ኪራይ አለ። እሱ ከአዳር ወጥቶ አይ ሰባ በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ሰዓታት ይነዳል፤ ያ መንገድ ክረምት ላይ በበረዶ ውሽንፍር በሩ ተዘግቶ መኪና የሚመለስበት ቀን አለ። ኮል የደረሰበት ቅዳሜና እሁድ አይመጣም። ልጆቹ አባታቸውን በስልክ ማየት ይለምዳሉ። አንቺም እዚያ ሆነሽ ቪዛሽ ያው ኤች ፎር ነው፤ የእህትሽ ሳሎን ውስጥ ሥራ ፈትተሽ ትቀመጫለሽ። በእህት ቤት መቀመጥ ደግሞ እስከ ስንት ወር እንደሚጥም አንቺም ታውቂዋለሽ።

እምቢ ያልኩት ለአሁኑ ነው። እስከ ጁላይ አጋማሽ ድረስ ጊዜ ስጪው። እስከዚያ መንጃ ፈቃድሽን አውጪ፣ ጠበቃውን አነጋግሩ፣ ባልሽ የውሉን ቀንና ቀጣዩን ሐሳብ ቁርጡን ይንገርሽ፣ ካርቶኖቹን ፍቺ። ጁን ላይ ስንዴው ሲታጨድ ከተማው ሁሉ ሌሊት ድረስ በሥራ ሲተራመስ ታይዋለሽ፤ ልጅሽን ኮምባይን ላይ የሚያወጣለት ሰው ፈልጊለት። ይህን ሁሉ አድርገሽ አሁንም እዚያው ከሆንሽ፣ ወይም ባልሽ ሊያነጋግርሽ እምቢ ካለ፣ ያኔ ሂጂ ብል አልጸጸትም። ኪራዩን ከየት እንደምትከፍሉ፣ በየስንት ሳምንቱ እንደሚመጣ፣ እሱ ሲቀር ማን እንደሚነዳ ከመውጣትሽ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። ጁላይን ያልኩሽ ደግሞ ትምህርት ቤት ኦገስት ላይ ስለሚከፈት ነው። አውሮራ የምትሄዱ ከሆነ ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያ ይመዝገብ፤ ኦክቶበር ላይ ከመሀል ነቅለሽ እንዳትወስጂው።